ከበቡሽ «ግድ የለም» ያለች ቀን

ከበቡሽ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር የቀራት፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ካለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ የምትውል፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው አስቸገርኩ ይሆን የሚል ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ናት። ሰው ቤት ሄዳ «ብይ» ሲሏት «በልቻለሁ» ትላለች። ሁለተኛ ሲሏት «ኧረ በቃኝ» ትላለች። ሦስተኛው ላይ ተነስታ እጇን ትታጠባለች። ያሳደጓት እንዲህ ነው፤ ያሳደጓትም አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ኃይለ ማርያም ናቸው።

ጋሼ ኃይለ ማርያም አምና ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ሜስኪት ከተማ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተኝተዋል። ሳክሲ ከተማ ያለው የከበቡሽ ቤት መኝታውም መታጠቢያውም ፎቅ ላይ ነው፤ ዊልቸር ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ስለዚህ ጓሮዋ ውስጥ መታጠቢያ ያላት አንዲት ክፍል ልትሠራላቸው ቆርጣ ተነሳች። ግንበኛው «ሦስት ወር ይበቃኛል» ሲላት እሷም ለወንድሟ «ለእንቁጣጣሽ እቤት ነዎት» ብላ ቃል ገባች። ክፍሏ ግን ከሚፈቀደው በላይ ሦስት ጫማ ያህል ወደ ጎረቤት አጥር ትጠጋለች ተባለና ጉዳዩ የከተማው ምክር ቤት ፊት መቅረብ ነበረበት። ካርታ፣ ፎርም፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ እንደገና ፎርም። ሜይ ላይ ቀኗ እስኪደርስ አምስት ወር አለፈ።

የዚያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሄዳ፣ እዚሁ ተወልዳ ካደገችው ልጇ ከሩሐማ ጋር ኋላ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተሰማው ጓሮው ዶሮ ማርባት የሚፈልግ ሰውዬ ነበር። ስለ ስድስት ዶሮ አርባ ደቂቃ! ከበቡሽን ድካሙ ጭልጥ አድርጎ ሊወስዳት ሲል ስሟን እንደምንም አጣመው ጠሩት።

ከንቲባው ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፍሏንም የተቃወመ አልነበረም፤ አንድ ጎረቤት ብቻ የዝናብ ውሃ ወደ ግቢዬ ይፈስ እንደሆነ ልወቅ ብሎ ጽፏል። ከንቲባው ወረቀቱን አነበቡና በትሕትና ጠየቋት፦ ዛሬ ድምፅ መስጠት እንችላለን፤ ወይም ጎረቤትዎ እስኪያጣራ ወደ ጁላይ ብናሻግረው ያስቸግርዎታል?

ያስቸግራታል እንጂ! ጁላይ ከተባለ ግንበኛው ሌላ ሥራ ይይዛል፣ እንቁጣጣሽም ያልፋል፣ ጋሼም እዚያው ሰው አገር አልጋ ላይ ይከርማሉ። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «ግድ የለም፣ እንደሚመቻችሁ» አለች፣ ፈገግ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ከዚያም ቆማ ጠበቀች። ጨዋ ሰው እንዲህ ሲባል «ኧረ አይሆንም፣ ደክመው መጥተዋል፣ ዛሬውኑ እንጨርስላቸው» ማለት አለበት። ከንቲባው አመሰገኗት። ስለ ትዕግሥቷ አመሰገኗት! እጆች ወጡ፣ ጉዳዩ ወደ ጁላይ ተላለፈ፣ ቀጣዩ ተጠራ።

ቀጣዩ የአጥር ፈቃድ ክፍያ እንዲነሳለት የጠየቀ ጎረምሳ ነበር። እሱንም «ጁላይ ይሁን?» አሉት። «አልችልም፣ ውሻዬ መንገድ እየወጣ ነው» አለ። ሳቁና እዚያው ወሰኑለት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ይኼ ልጅ ሰምቶት አያውቅም። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ምን ጠቀማት?

«ማሚ፣ ኋይ?» አለች ሩሐማ፣ ወደ መኪናው ሲሄዱ። «ሜየሩ አስክ አደረገሽ እኮ። ኖ ማለት ነው በቃ!»

«ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ።»

«እዚህ ማንም ሰው ሁለቴ አስክ አያደርግም፣ ማሚ።»

ከበቡሽ በከንቲባው አልተናደደችም፤ የተናደደችው በገዛ ምላሷ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሜስኪት ሄደች። ጋሼ ኃይለ ማርያም ምሳቸውን አልነኩትም። አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ ገባችና ተመችቷቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «ኦኬ፣ ጉድ» አሉ። ምልክት አድርጋ ወጣች። ከበቡሽም እስከዚያ ቀን ድረስ ይህንኑ ቃል እየሰማች፣ ደህና ናቸው ብላ፣ ቀለል ብሏት ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» አሉ። «ሰው ማስቸገር ምን ያደርጋል? እኔ እንደሆነ ተመችቶኛል።»

ከበቡሽ ልትነሳ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

«እውነት ተመችቶዎታል፣ ጋሼ?»

«ምን ጎደለኝ? አልጋ ነው፣ ምግብ ነው። አንቺ ብቻ አትልፊ።»

ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አደረገች።

«ጋሼ፣ እዚህ ተመችቶዎታል ወይ?»

ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። በሩን አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት።

«ዛሬ ብትወስጂኝ» አሉ።

ከበቡሽ እጃቸውን ያዘች። ጁላይ እስኪገባ ገና ስድስት ሳምንት ነበር።