ከታላቅ በላይ መታመም ነውር ነው

ዛሬ ኦቦ ዲንሳ ላብ እያጠመቃቸው፣ ትከሻዬን ተደግፈው የጨረር ማሽኑ አልጋ ላይ ወጡና፣ «ሕመሜን ሁለት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

የጨረር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። እያንዳንዱን ታካሚ፣ «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

«እንዴት ሁለት ይሆናል?»

«ኦቦ ቶለሳ ሦስት ብለዋል። ታላቄን ልበልጥ ነው እንዴ?»

ነቀምቴ አጠገብ ካለው ከጉቶ ጊዳ አብረው የመጡት ሦስት ናቸው። የሁሉም ታናሽ የሆነው መምህር ገና ሳልጠይቀው «አንድ» አለኝ። (አራተኛ ቢኖር ኖሮ ድኗል ብለን በሸኘነው ነበር።)

እኔም የነቀምቴ ልጅ ነኝና ነገሩ ገባኝ። ብሽቅ ብዬ ውጭ ወደተቀመጡት ኦቦ ቶለሳ ሄድኩ።

«አባ ኮ፣ አባቴ፣ የእርስዎ ሦስት ማለት ሰው እየጎዳ ነው!» ብዬ አስረዳኋቸው።

አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው የኔን ዘጠኝ አድርጊው፤ ልጆቹ ቦታ ያግኙ» አሉ።

ኦቦ ዲንሳ ወዲያው ስምንት ገቡ። መምህሩ ሰባት አለ። ሐኪሙን ጠራሁት፤ ማስታገሻ ተጨመረላቸው።

በኋላ ኦቦ ቶለሳን ለብቻቸው፣ «የእርስዎስ እውነተኛው ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ ነው፣ ልጄ። ሦስት ያልኩት እነሱ እንዳይፈሩ ብዬ ነው።»

በእናንተስ ቤት ለሰው ብሎ ሕመሙን የሚቀንስ ማን ነው?