ከአምፖሏ ሥር የተማለ መሐላ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ የምፈራው አምፖል ነበር። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እኛ ጭሰኞች የነበርንለት የዲላው ባለርስት ለቡና መፈልፈያው ሞተር አስመጥቶ፣ ከሞተሩም ሽቦ አስስቦ በደጃፉ አንዲት አምፖል ሰቅሎ ነበር።

በዚያ ዓመት የጭሰኛው ቡና ጎደለ ተባለ። የባለርስቱ ወኪል መጥቶ፣ ቅዳሜ ሲመሽ ሁሉም ተራ በተራ ከአምፖሏ ሥር ቆሞ እንዲምል አዘዘ፤ ቡና የደበቀ ሰው ሲምል ትጠፋለች አለ። ሌባ አነፍናፊው ሌባሻይ ድሮ ቀርቷል፣ አሁን ሥልጣኔ ገብቷል ሲልም አከለበት። ሥልጣኔ እንዲህ ፈጥኖ እኛ ዘንድ መድረሱ አኮራኝ። ነገር ግን አያቴ፣ ሽታውን ፈርቶ ማንም አይቆፍረውም ብሎ፣ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ከቆጮ ማብላያ ጉድጓዳችን መቅበሩን አውቅ ነበርና ኩራቱ ብዙ አልቆየልኝም። ከታወቀበት ከመሬቱ መነቀላችን ነው።

ዓርብ ማታ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው ፍሙን ከበን ስንቀመጥ፣ አያቴ የተለመደውን የጅብ ተረት ትቶ የአምፖሏን ነገረን። መፈልፈያው ቤት ጆንያ ሲሸከም ባለሞተሩን ጠይቆት ኖሯል።

«ውስጧ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች» አለ። «ኤሌክትሪኩ በወፍራሙ ሽቦ ሲመጣ እንደ ገበያተኛ ዘና ብሎ ነው። ቀጭኗ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይጠበዋል። ይጋፋል፣ ይተሻሻል፤ ሽቦዋ ትግላለች፣ ግላ ግላ ትነጣለች። ብርሃን የሚሉት እሱን ነው።»

ታዲያ ለምን ነዳ አመድ አትሆንም አልኩት። አንዱን ፍም እፍ ሲለው ቦግ አለ።

«ይሄ አየር ስላገኘ ነው። እዚያ መስታወት ውስጥ አየር የለም ልጄ። መተንፈሻ የተነፈገ ነገር ይግላል እንጂ አይነድም።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና፣ የማወራው ስለ ሽቦዋ ብቻ ነው አለን። እኔም ስለ ሽቦዋ ብቻ እንደነበር እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ፍርሃቴ ግን ባሰ። ቤታችን በፀጉር ተንጠልጥሎ ታየኝ።

ቅዳሜ ሞተሩ ዱግ ዱግ ሲል በደጃፉ ተሰለፍን። ባለርስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ወኪሉ አማማሉን ላሳያችሁ ብሎ ቀድሞ ከአምፖሏ ሥር ቆመና፣ ከጌታዬ ቡና አንዲት ፍሬ አልነካሁም ሲል እጁን አነሳ። አምፖሏ ነጣች፤ ጧ አለችና ጠፋች።

ሞተሩ አላቆመም። የሳቀም የለም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ባለርስቱ።

ወኪሉ፣ ጌታዬ ሽቦ እኮ ናት፣ ቀጭን ናት፣ በራሷ ትበጠሳለች እያለ ተንተባተበ። ከዚያ እስከዚያች ምሽት «አንተ» ይለው ወደነበረው አያቴ ዞረ።

«አባቴ፣ እርስዎ ባለሞተሩን ጠይቀዋል፤ እባክዎ ያስረዱልኝ።»

አያቴ የጠፋችውን አምፖል ቀና ብሎ አየና ወደ ባለርስቱ ዞረ።

«እኛ ምን እናውቃለን ጌታዬ» አለ። «ሥልጣኔ ነው።»

ወኪሉን ከዚያ በኋላ በሰፈራችን አላየነውም። ቡናችንም ከቆጮው ጉድጓድ በሰላም ወጣ፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ትምህርት ቤት ገብቼ የአምፖልን ነገር ስጠየቅ አያቴ እንዳለው መልሼ፣ ልክ ነሽ ተብያለሁ። ያም ሆኖ ዛሬም ቤቴ አምፖል ሲቃጠል፣ መለወጫውን ከመፈለጌ በፊት ከሥሯ ማን እንደቆመ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ እኔው ነኝ።