ብዙኃኑ ኀ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የቤት ሥራውን ሲጽፍ፣ «እማዬ፣ ረሀብ በየትኛው ሀ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃሉ ወደ ድሮው ወሰደኝ።

በስልሳ አምስት ቆቦ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በልጉ ከድቶን እስከ ሮቢት ድረስ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ሰዉ ከየቆላው ተነሥቶ መኪና መንገዱ ዳር ተቀምጧል። አንዲት እናት ከትንሽ ሴት ልጇ ጋር የቢሯችን ግንብ ጥላ ሥር ሰፍራ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት «ወረቀቱ ሄደ ወይ?» ትለኛለች። እህል እንዲላክልን የሚጠይቀውን ደብዳቤ ማለቷ ነው።

ደብዳቤውን ሰኞ ጽፌ ለአለቃዬ ለአቶ ደምሴ ሰጠኋቸው። የቄስ ተማሪ ስለነበሩ ከፊደል ጋር ቀልድ አያውቁም። «ረኀብ»ን በቀይ ከበቡና፣ «በሃሌታው ሀ ጻፍሽው። በብዙኃኑ ኀ ነው። ድገሚው» አሉኝ። ስደግም ደብዳቤ የሚወስደው የወልድያው አውቶቡስ ሄደ። ማክሰኞ «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ አልጻፍሽም ተብዬ ተመለስኩ። ረቡዕ ደግሞ አንድ አራት ነጥብ ጎደለ።

ነገሩ ከንክኖኝ መዝገብ ቤት ገብቼ የቆዩ ደብዳቤዎችን አገላበጥኩ። ስለ ወንበር ግዢ በጻፍኩት ላይ ሦስት ስሕተት አለ፤ ፈርመውበታል። ታዲያ በዚህኛው ላይ ምን አገኛቸው?

ሐሙስ እንከን የሌለው አቀረብኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። እስክሪብቶውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

«አቶ ደምሴ፣ ያስቸገረዎት ፊደሉ ነው ቃሉ?» አልኳቸው። አፌን ምን እንደከፈተው እንጃ።

በሩን አየት አደረጉና፣ «ይሄ ቃል ያለበት ወረቀት አትላኩ ተብለናል ከበላይ። እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ።

«ደጅ ያለችውም አላት።»

ቀና ብለው ሳያዩኝ ፈረሙ። ሮጬ ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠሁና ለሴትዮዋ ልነግራት ተመለስኩ። ጥላው ሥር ቅሏ ብቻ ቀርቷል። ዘበኛው «ልጂቱ አርፋለች፤ ሊቀብሩ ሄደዋል» አለኝ።

አቶ ደምሴን ለዓመታት ጠላኋቸው። እያደር ግን ራሴንም መጠየቅ ጀመርኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ፊደል ሳርም የነበርኩት እኔ ነኝ።

የልጅ ልጄ እርሳሱን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

«በብዙኃኑ ኀ ነው» አልኩት። «ካልያዝከው ግን በፈለግኸው ጻፈው። ብቻ አታዘግየው።»