የሐሙሱ ሰው ልጁን አረንጓዴ ትምህርት ቤት ሲያስገባ

ሮስኮ ታርፕሊ በፒትስበርግ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ማንሳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሮስኮ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ስለነበር ከእሳቸው የወረሰው ሰፊ ትከሻና ዝምታ ብቻ ነው። ትከሻውን ሥራው በላው፤ ዝምታው ግን ቀረለት። ስምንት ዓመት ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥሎ፣ አሥራ አራት ዓመት ደግሞ መሪ ጨብጦ ሲዞር የከተማዋን ሰው ከነገመናው አወቀ። ማን ጠርሙስ እንዳበዛ፣ ማን ከሚስቱ እንደተለያየ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደወጣ ደጃፍ ላይ ከቆመው በርሜል ያውቃል። ለማንም ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ናይላ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጅ በታጨቀበት፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ትማር ነበር። በዚያ በማይከፈት መስኮት ወፍና ደመና እያየች ስለምትፈዝ በሳምንት ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች። ንባቧም ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ነገሩን የጀመረችው ሚስቱ ዮላንዳ ናት። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስትሠራ ከባልደረባዋ ሰምታ መጣች።

«ስማኝማ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ትምህርት ቤት አለ አሉ። ስለ አካባቢ የሚያስተምር። ልጆቹ ውጭ ነው የሚማሩት፤ ጫካ ውስጥ፣ ጅረት ዳር።»

«ዝናብ ሲዘንብስ?» አለ ሮስኮ።

«ሲዘንብም።»

«በረዶ ሲጥልስ?»

«ሲጥልም አልኩህ እኮ!»

«እኔ በዝናብና በበረዶ ውጭ የምሠራው ልጄ እንዳትሠራ ብዬ ነበር።»

«ተው እንግዲህ! ክፍያ የለውም። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፣ አስተዳደሩ ብቻ የራሱ ነው። ቻርተር ነው የሚሉት።»

«ክፍያ ከሌለው ሌላ ነገር አለው ማለት ነው» አለና ሄደው እንዲያዩት ተስማማ።

ትምህርት ቤቱ ስሙ «ሥርና ጥላ» ይባላል። ለወላጆች ክፍት በሆነበት ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ለዚያ ቀን የተመረጡ ስድስት ጨዋ ልጆች በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሜሪዴት ሃሎራን ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ጫማ ተጫምተው ንግግር አደረጉ።

«እኛ ዘንድ መጽሐፉ ጅረቱ ነው» አሉ። «መምህሩም ዛፉ ነው።»

ወላጁ ሁሉ አጨበጨበ። አንድ አባት እጁን አውጥቶ የልጆቹ መክሰስ ላይ የሚቀርበው ማር ንቦቹን ሳያስጨንቅ የተቆረጠ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። በዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ተወራ። ቀጥሎ ሮስኮ እጁን አወጣ።

«ልጄ ማንበብ ትማራለች?»

ወይዘሮ ሃሎራን ፈገግ አሉ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና ስለ ወንዞች መጋቢ ምድር፣ ስለ ሕጻናት ምናብ፣ ስለ ሥርዓተ ምህዳር ሰባት ደቂቃ አብራሩ። ሮስኮ ሰዓቱን እያየ ቆጥሮታል። ማንበብ የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አልተነሳም።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ዮላንዳ «ታዲያ እንዴት አየኸው?» አለችው።

«ዛፎቹ ጥሩ ናቸው» አለ። «መምህራኑን ግን አላየሁም።»

ሆኖም ግን አስመዘገቧት። ናይላ የትምህርት ቤቱን አጥር እየታከከች ሦስት እንቁራሪት አግኝታ ስለነበር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድ፣ አድራሻ የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች ተጠየቁ። ዮላንዳ የመብራት ቢል ብቻ ይዛ ሄዳ «አንድ ይጎድላል» ተብላ ተመለሰች። በማግሥቱ የውኃ ቢል ይዛ ስትሄድ ደግሞ ስሙ የሮስኮ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ሮስኮ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሄደ። ጸሐፊዋ ወንበሯን በትንሹ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ወረቀቱን ተቀበለችው። አመልካቹ ከቦታው ስለበለጠ ከዚያ ዕጣ ወጣ። ወንድም ወይም እህት እዚያ ያላቸው ልጆች ቅድሚያ ስለሚያገኙ ለቀረው ሕዝብ የተረፈው አሥራ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ናይላ ተጠባባቂ ቁጥር አርባ አንድ ሆነች። ተስፋ ቆርጠው ለድሮው ትምህርት ቤት አዲስ ቦርሳ ከገዙላት በኋላ፣ ነሐሴ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ስልክ ተደወለ። «ቦታ ተገኝቷል፤ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ ይወስኑ።»

ወሰኑ። ናይላ የዝናብ ካፖርት፣ ቦት ጫማ፣ ሁለት የክረምት ሱሪ፣ ፕላስቲክ ያልነካው የምሳ ዕቃ ያስፈልጋታል ተባለ። የበጎ ፈቃድ ሥራም አለ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት ሠላሳ ሰዓት። ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ያልሠራ ቤተሰብ ስሙ በአረንጓዴ ወረቀት ተጽፎ መግቢያው ላይ ይለጠፋል።

ትምህርቱ ተጀመረ። ናይላ በመስኮት ማየቷ እዚህ ጥፋት አልነበረም፤ እንዲያውም «ምልከታ» ተብሎ ነጥብ ያሰጥ ነበር። ልጅቷ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። ማታ ማታ ስለ ትል አፈጣጠር ስታወራ አባትና እናቷ እራታቸውን ይተዋሉ። ንባቡ ግን ያው ነበር። ዮላንዳ ስትጠይቅ፣ የንባብ መምህርቷ ጥቅምት ላይ ለቅቃ ሌላ እየተፈለገ መሆኑን ነገሯት። ባለፈው ዓመትም ሁለት ለቅቀው ኖሯል። ያንን ማንም አልነገራቸውም፤ እነሱም መጠየቅ አላወቁም ነበር።

አንድ ረቡዕ ሮስኮ ለትከሻው ሕክምና ፈቃድ ወስዶ ሳለ ናይላ ቦት ጫማዋን ረስታ ሄደች። ሊያደርስላት ሄዶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መኪናውን አቆመ። እዚያ ሦስት ትልልቅ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ አረንጓዴው ለምግብ ትርፍራፊ፣ ሰማያዊው ለወረቀትና ለጠርሙስ፣ ጥቁሩ ለቀረው። ልጆቹ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመው የሚለዩት እዚህ ነው። የእርጎ ክዳን የተሳሳተ ገንዳ ውስጥ የጣለ ልጅ ለመሬት የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል። ሮስኮ ቆሞ እያየ ሳለ የአንድ የግል ድርጅት መኪና መጣ። አረንጓዴውን አንስቶ ሆዱ ውስጥ ገለበጠ። ሰማያዊውን አንስቶ እዚያው ገለበጠ። ጥቁሩንም አንስቶ እዚያው ገለበጠ። ከዚያ ጨፍልቆ ሄደ።

ሮስኮ ቦት ጫማውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እንደ ልማዱም ምንም አልተናገረም።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት «የቤተሰብ ቆሻሻ ምዘና» ተጠራ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሳምንቱን ቆሻሻ ይዞ መጥቶ በአዳራሹ መካከል በሕዝብ ፊት ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። የአረንጓዴ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከርስተን ፎልክ የምትባል፣ ድምጿ ያለ ማጉያ አዳራሽ የሚሞላ እናት ናት። የእሷ ቤተሰብ የሳምንት ቆሻሻ አንዲት የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የታርፕሊዎች ተራ ደረሰ። ሮስኮ የሳምንት ሲሉት የሳምንት አድርጎ፣ ምንም ሳይቀንስ ሞልቶ አምጥቷል። ሃያ ስድስት ፓውንድ መዘነ። ከኋላ አንድ ሰው «ውይ!» አለ። ናይላ አንገቷን ካፖርቷ ውስጥ ቀበረች። ክፍል ውስጥ የአባቷን ሥራ ስትጠየቅ «ሹፌር ነው» ብላ ብቻ እንዳለፈች ሮስኮ የዚያን ቀን አያውቅም ነበር።

ከርስተን ከረጢቱ ላይ እጇን ዘርግታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጣልነው እንላለን። የት ነው የጣልነው? እስቲ ከመካከላችን ይህ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አለ?»

አዳራሹ በኀዘን ራሱን ነቀነቀ፤ መልስ የሚጠበቅበትም አልነበረም። ሮስኮ እጁን አወጣ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«ይቅርታ?» አለች ከርስተን።

«የት እንደሚሄድ። በምሥራቅ በኩል ሃያ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ፣ ኮረብታው ጋ ወደ ግራ። በሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ አይቀበሉም።»

ሁለት ልጆች ሳቁ። ከርስተን ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ያለ ኮፍያና ያለ ብርቱካናማ ሰደርያ ስላየችው እስካሁን አላወቀችውም ነበር።

«እርስዎ... የኛን መንገድ...»

«አዎ እመቤቴ። ሐሙስ ሐሙስ።»

በየሐሙሱ ከእሷ ደጃፍ የሚያነሳቸውን አራት አራት ጥቁር ከረጢቶች አልጠቀሰም። ከርስተን ግን አንገቷ ድረስ ቀላች፤ ብልቃጧንም ከሚዛኑ ላይ አንስታ ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

«ካነሳችሁት አይቀር አንድ ነገር ልናገር» ቀጠለ ሮስኮ። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ዝምታ እዚያ አለቀበት። «እዚህ ጓሮ ያሉት ሦስቱ ገንዳዎች ወደ አንድ መኪና ነው የሚገለበጡት። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቹ የሚለዩት ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚጨፈለቀው።»

ወይዘሮ ሃሎራን ተነሱ። «አቶ ታርፕሊ፣ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ነገር ግን የመለየቱ ልምምድ በራሱ ትምህርታዊ ዋጋ...»

«እኔ እኮ ለእርጎ ክዳን ደብዳቤ ጽፌያለሁ!» ብሎ ጮኸ አንድ ልጅ። «ሁለት ጊዜ!»

ከዚያ በኋላ ስብሰባውን ሊያረጋጋው የቻለ ሰው አልነበረም። ወላጅ በወላጅ ላይ ጮኸ፤ ንቦች የሚያሳስቡት አባት ልጁን ይዞ ወጣ። ወይዘሮ ሃሎራን የሚያውቁትን መፍትሔ ወሰዱ፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አምስት ጊዜ ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበበት ሰዓትም ለአባላቱ በበጎ ፈቃድ ተቆጠረላቸው። በስድስተኛው ወር ሌላ የቆሻሻ ድርጅት ተቀጠረና ለእያንዳንዱ ገንዳ የተለየ መኪና መምጣት ጀመረ። ለዚህም የከተማው ጋዜጣ ላይ ትምህርት ቤቱ በአርአያነቱ ተመሰገነ። የሮስኮ ስም አልተነሳም።

እሱ ያተረፈው ሌላ ነው። ያን ቅዳሜ ከአዳራሹ ሲወጣ ልጆች ከበቡት።

«መኪናው ፍሪጅ መጨፍለቅ ይችላል?»

«ይችላል። ግን አይፈቀድም።»

«አይጥ አይተህ ታውቃለህ?»

«እናንተን የምታክል።»

ናይላ በልጆቹ መካከል ሰንጥቃ ገብታ እጁን ያዘች። «አባቴ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «እኔን ገና በአምስት ዓመቴ መኪናው ላይ አስቀምጦኛል።» ይህም አይፈቀድም፤ ዮላንዳም በዚያን ቀን ነው የሰማችው።

በሚያዝያ ወር የናይላን ክፍል ይዞ ኮረብታው ላይ ወዳለው የቆሻሻ መጣያ ሄደ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያዩ ዋሉ፤ ያ ቀን ከጅረቱም ከዛፉም የበለጠ እንዳስተማራቸው መምህራቸው ራሱ ተናገረ። አዲስ የንባብ መምህርትም ተገኘችና ናይላ ቀስ በቀስ እኩዮቿን መድረስ ጀመረች። ዮላንዳ ግን መምህርቷ እንዳትለቅ ፈርታ በየወሩ ኬክ ትልክላታለች።

አሁን ሮስኮ በሰፈሩ ውስጥ የትምህርት ቤት አዋቂ ተብሎ ይጠየቃል። ባለፈው ክረምት ታሚካ የምትባል ጎረቤታቸው መኪናውን አስቁማ ልጇን እዚያ ማስገባት እንደምትፈልግ ነገረችው።

«በክፍት ቀን እንዳትሄጂ» አላት። «ያን ቀን ሁሉም ቆንጆ ነው። ማክሰኞ ሂጂ፣ በዝናብ። ካለፈው ዓመት ስንት መምህር እንደቀረ ጠይቂ። ስለ ንባብ ጠይቂ፤ ስለ ወንዝ ከመለሱልሽ ደግመሽ ጠይቂ። ቢሉን በራስሽ ስም አድርገሽ ያዢ። ቦት ጫማውን አንድ ቁጥር አስበልጠሽ ግዢ።»

«ወንድም ሮስኮ፣ አስፈራኸኝ እኮ! ታዲያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«ሄደሽ እዪው።»

ታሚካ በዝናባማ ማክሰኞ ሄደች። ወይዘሮ ሃሎራን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጓሮው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ሃያ ልጆች በጅረቱ ዳር ይንቦጫረቃሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብላ በብርድ ታለቅሳለች። አንዲት ወጣት መምህርት አጠገቧ ተንበርክካ የልጅቷን ካልሲ እየጨመቀች፣ በሌላ እጇ መጽሐፍ ገልጣ ይዛ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ፣ ይቺ ቃል ምን ትላለች?» ትላታለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ደግሞም ታነባለች።

ታሚካ ዣንጥላዋን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጸሐፊዋ ገብታ የምዝገባ ቅጽ ጠየቀች።