ጄሶ ቆይ አይባልም

ጄሶ ቆይ አይባልም። ውሃ ከነካው በኋላ ሰዓቱን የሚቆርጠው እሱ ራሱ ነው፤ ለማስነጠስ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ጥርስ ሠሪው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ መስኮቷ ግንብ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጄሶ ሲበጠብጥ፣ ሰም ሲያቀልጥ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ጥርስ ሲደረድር ነው ዕድሜው ያለቀው። ታካሚዎቹ በፊት ለፊት ገብተው በፊት ለፊት ይወጣሉ፤ እሱን የሚያየው የለም። እሱ ግን ፊታቸውን ሳያይ አፋቸውን ያውቃል። ማን ጥርሱን እያፋጨ እንደሚተኛ፣ ማን በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚያኝክ ከጄሶ ልካቸው ያነባል። እጁም ፈጣን ነበር፤ የበጠበጠው ጄሶ ሳያፈሰው ደርቆበት አያውቅም።

ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ስሙ አባ ቆይ ነበር።

ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። በተጋቡ ሰሞን ቁም ሣጥን ሊገዙ ወጡ። እሱ የያንዳንዱን ሣጥን በር እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ "ቆይ እስኪ፣ ሌላም ቦታ እንይ" ሲል መሸና ሱቆቹ ተዘጉ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ "በል አባ ቆይ፣ እስከዚያው ልብሳችንን አንተ ላይ እንስቀለው" አለችው። ሳቁ። ያኔ ያስቅ ነበር።

በዚያው ዘመን አካባቢ ነው ሐኪሙ የጠራው። ሁለቱም አንድ ሆስፒታል ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ሐኪሙ ወጥቶ የራሱን ክሊኒክ ሊከፍት ተነስቷል።

"እኔ እነቅላለሁ፣ አንተ ትተክላለህ" አለው። "ያጠራቀምካትን ይዘህ ግባ፣ ሲሶው ያንተ ይሁን። ደሞዝ ጠባቂ ሆነህ አትርጅ።"

"ቆይ እስኪ ዶክተር፣ ወንድሜን ላማክር።"

"ወንድምህ የጥርስ ሐኪም ነው?"

"አይ፣ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው።"

"እንግዲያው መልሱን ካሁኑ አውቄዋለሁ" አለ ሐኪሙ።

እውነትም አውቆታል። ታላቅ ወንድሙ ነገሩን እስኪጨርስለት እንኳ አልጠበቀም። "ጥርስ ይወልቃል፤ ቤት አይወልቅም" አለ። "ገንዘብህን አምጣና ባንድ ላይ እንሥራ። ምድሩ የኔ፣ ፎቁ ያንተ። ወንድም እያለህ ከባዳ ጋር ምን አሻረከህ?" አባታቸው ሲሞት ያሳደገው እሱ ስለሆነ ቃሉ የአባት ቃል ነበር። ጥርስ ሠሪው ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጠ። ክሊኒኩም ሲከፈት በደሞዝ ተቀጥሮ ገባ።

ምድር ቤቱ ቶሎ አለቀ፣ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። ፎቁ ላይ ምሰሶዎች ቆሙ፣ ከአናታቸው ብረት እንደወጣ። ደረጃ አልነበረውም። "ደረጃው ለሚቀጥለው በጋ" አለ ወንድሙ፤ እነሱንም "እስከዚያው" ብሎ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ አስገባቸው። በጋ አለፈ፣ ሌላም በጋ አለፈ። ብረቱ ዝጎ ግድግዳው ላይ ቡናማ እንባ አወረደ። ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ ቀና ብላ እያየች፣ "የኛ ቤት ሰማይ ቤት ነው፤ ስንሞት እንገባበታለን" ትል ነበር። ጎረቤት ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፣ ዓይኑን ከፎቁ አሽሽቶ።

እሷ የሸሚዝ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ኮሌታ ሰፊ። ኮሌታ ከሸሚዝ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው፤ የጠመመ ኮሌታ የለበሰውን ሰው ያጣምመዋል ትላለች። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችው። ፋብሪካው ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ የስፌት ክፍሉን እንድትመራ የተመረጠችው እሷ ናት። ሥልጠና አለው። መኖሪያ ቤትም ይሰጣሉ።

"ከነደረጃው" አለች፣ ፈገግ ብላ።

"ቆይ እስኪ" አለ እሱ። "አሁን ጥለን ብንሄድ ጋሼ ምን ይላል? ፎቁን እኮ ሊጀምረው ነው።"

ቆማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀመጠችና፣ "እሺ" አለች። አልተጨቃጨቀችም፣ አላለቀሰችም። ቅርንጫፉን ለመምራት የሄደችው እሷ ራሷ ኮሌታ መስፋት ያስተማረቻት ሠራተኛ ናት። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ አባ ቆይ ስትለው ሳቋ አብሮ መምጣቱን ተወ። እሱም ይህን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው፤ እንደ ሁሉ ነገሩ።

ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጥርሷ ይወላልቅ ጀመር። ስትስቅ መዳፏን አፏ ላይ ትጭናለች። የሰፈር ሴቶች፣ "ጉድ እኮ ነው፣ የጥርስ ሠሪ ሚስት በድዷ ታኝካለች" ይሏታል። እሷም፣ "ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? የኔው ባዳነቱን አውቆ ቀድሞ ሄደ" ብላ ትመልሳለች። አንድ እሑድ ቤት ውስጥ አስቀምጧት ልኳን ወሰደ። አፏ በልክ መውሰጃው እንደተሞላ ሳቅ ያዛትና እሱንም አሳቀችው፤ ሁለተኛ መውሰድ ግድ ሆነ። ልኩን በጄሶ ሞልቶ፣ የላይና የታች አድርጎ፣ ክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

እዚያው ቀረ። "ላንቺማ ተራውን ጥርስ አልደረድርም። ቆይ፣ ጥሩው ዕቃ ይምጣ" አላት። ከግራ ከቀኙ የሌላ ሰው ልክ እየመጣ፣ ጥርስ እየሆነ ሄደ። የሷ አቧራ ለበሰ። ጥሩው ዕቃ የመጣው እሷ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። በሽታው ከጄሶ የተማረ ይመስል አልቆየም።

ካለፈች ዓመት ሳይሞላ፣ ክሊኒኩን ከአባቱ የተረከበው ወጣቱ ሐኪም ጓዳ ድረስ መጣ። እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም ነበር፤ የሚቀመጥበት አጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ማሽን ልናስገባ ነው" አለ። "ልኩን በካሜራ ያነሳል፣ ጥርሱንም ራሱ ይቀርጻል።"

"ድዱንስ?"

"ድዱንም።"

"እኔንስ?"

ወጣቱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "እርስዎን በክብር እናሰናብታለን" አለ።

የስንብቱ ገንዘብ በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ እጁ የገባ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ነበር፤ ሦስተኛ እንደማይኖር ያውቃል። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ፣ "አባዬ፣ ለጊዜው ባንክ ይቀመጥ። ኀዘንህም ይብረድልህ፣ ተረጋግተን እንነጋገራለን" አለችው። የራሱን ድምፅ ከሷ አፍ የሰማ መሰለው። ተረጋግተን። እስከዚያው። ቆይ እስኪ።

በማግስቱ የራሱን ጥርስ መሥሪያ ሊከፍት ክፍል ፈለገ፤ ደላላም ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ አሳየው። ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ አለው። ጥርስ ሠሪው እጁን በደረጃው መደገፊያ ላይ እያሳለፈ ወጣ። ክፍሉ ብርሃን ይገባዋል፣ ምልክት የሚሰቀልበት ሰፊ ግንባርም አለው።

"ከርስዎ በፊት ሦስት ሰው አይቶታል" አለ ደላላው። "ዛሬ ካልያዙት ነገ የለም።"

ይህን የደላላ ዘፈን ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል፣ ዕድሜውን ሙሉም አላመነውም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የዓመቱን ኪራይ በቅድሚያ ከፍሎ ፈረመ። ማታ ቤት ገብቶ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠና፣ "ዛሬስ ማን ልትዪኝ ነው?" አለ።

ልጁ የተከራየውን ክፍል ልትጠርግለት መጥረጊያ ይዛ መጣች። ጥቂት ጠርጋ ቀና አለች።

"አባዬ፣ ቧንቧው የት ነው?"

አራቱን ግድግዳ ዞሮ አየ። ብርሃኑን አይቷል፣ በሩን አይቷል፣ ምልክቱ በምን ቀለም እንደሚጻፍ እንኳ አስቧል። ያለ ውሃ አንዲት ቀን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ውሃ መኖሩን አልጠየቀም። ቃሉን ለመዋጥ ሲጣደፍ ዓይኑንም አብሮ ውጦታል።

ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጠው አከራይ ክፉ ሰው አልነበረም። "እኔ ለልብስ ሱቅ ብዬ ነው ያሠራሁት፤ ቧንቧ ወደ ላይ አይወጣም" አለ። "ጠይቀውኝ ቢሆን እነግርዎት ነበር።" ልጁ ለመነችው። ዓርብ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ቁልፉ ከተመለሰለት ከገንዘቡ ግማሹን ሊሰጥ ተስማማ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ውል ውል ነው።

ዓርብ ከሥራ ወጥታ ስትመጣ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሁለት ጄሪካን ደረጃው አናት ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ባዶ ነው። አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ በጎማው ሳህን ጄሶ እየበጠበጠ ነበር።

"አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ። ሰውዬው ሊዘጋ ነው።"

"አሁን አታናግሪኝ፣ ውሃ ነክቶታል።"

ቆመች። እሱ ጄሶውን አፍስሶ፣ ከክሊኒኩ ይዞት የወጣውን አንድ የቆየ የላይ ልክ በላዩ አስቀምጦ፣ ዳር ዳሩን በጣቱ አስተካከለ። ከጎኑ የታችኛው ልክ ለብቻው ተቀምጧል። አነሳችው። ከፊት አንዷ ጥርስ ወደ ጎን ዘመም ብላለች። ልጅቱ ሳታስበው በምላሷ የራሷን ታችኛ ጥርስ ነካች፤ የሷም እንዲሁ ናት።

"የእማዬ ነው?"

"አዎ።"

"አሁን ለማን ልትሠራው ነው?"

"እኔ እንጃ። ስላልጨረስኩት ነው።" እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሳያያት ቀጠለ። "ሰው ሁሉ አባ ቆይ እያለኝ እኔም አመንኩ። መዘግየቴ ነው የጎዳኝ ብዬ አመንኩ። አሁን ተጣደፍኩ፤ ይኸው የሆንኩትን ታያለሽ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ዶክተሩ ሲጠራኝ ወንድሜን ጠየቅሁ። የናትሽ ሥራ ሲመጣ ጋሼ ምን ይላል አልኩ። አጠገቤ ያለችው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ምን ትያለሽ ብያት አላውቅም።"

"ምን ትል ነበር?"

"እሱን እኮ ነው የማላውቀው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቀውም።" ወደ ጄሶው አየ፤ ገና እርጥብ ነው። ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣና በመዳፉ ይዞት ቆየ። "ይሄንንም ስፈርም አንቺን አልጠየቅሁም። አሁን ልጠይቅሽ። ምን ትያለሽ?"

ልጅቱ ሳምንቱን ሙሉ መልሷን አዘጋጅታ ነበር። ቁልፉን ትቀበላለች፣ ትሮጣለች፣ የተረፈውን ታተርፋለች። ለአባቷ ጥያቄ ግን አልተዘጋጀችም፤ እሱ ጠይቋት አያውቅም። ባዶውን ጄሪካን ገለበጠችና ተቀመጠችበት።

"ውሃውን ከየት አመጣኸው?"

"ታች ካለው ጋራዥ። ለዛሬ ቅዳ አሉኝ።"

"ለነገስ?"

"አልጠየቅሁም።"

ሳቅ መሰል ነገር ከአፏ አመለጠና በመዳፏ ከደነችው፣ ልክ እንደናቷ። ከዚያ ተነሳች። "እንግዲያው ወርደን እንጠይቃቸው። ውሃ የማይሰጡን ከሆነ ያልኩህን ታደርጋለህ። የሚሰጡን ከሆነ... እሱን ደግሞ ሰምተን እናያለን።"

እሱ መዳፉን ጄሶው ላይ አሳረፈ። ጄሶ ሲደርቅ እንደሚያደርገው ከውስጥ መሞቅ ጀምሯል። ትንሽ ጊዜ እጁን አላነሳም።

"ያዘ" አለና ቀና አለ።

ከመስኮቱ ማዶ የጨርቅ ሻጩ የሱቁን መዝጊያ እስከ ወገቡ አውርዶ፣ ከደጅ የተሰቀሉትን ጨርቆች እያጣጠፈ ያስገባ ነበር። ሁለቱም አዩት። ልጅቱ ደረጃው አናት ላይ ያለውን ሙሉ ጄሪካን ወደ ዳር አነሳችለት፤ እሱ ቁልፉን እንደጨበጠ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ ወደ ጋራዡ መውረድ ጀመረ።