ቆርኪና ጣሳ

ዛሬ ጠዋት ገና ሁለት ዓመት ላልሞላት የልጅ ልጄ ዳማ ላስተምራት ተቀመጥኩ። ሰሌዳውን መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ ቆርኪዎቹን ደረደርኩ፣ አጨዋወቱን አንድ በአንድ አስረዳኋት። እሷም በጽሞና ሰማችኝና የመጀመሪያውን ቆርኪ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ቆርኪውን ከአፏ ሳወጣ ልጄ፣ የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ተመልሳ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ለዕድሜዋ የሚሆናትን ማጫወት ካቃተህ ንገረኝ። ከነገ ጀምሮ ሕፃናት መዋያ አስገባታለሁ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከዚህች ልጅ ጋር ነው። እሷ ከሄደች የሚቀረኝ ከሬዲዮው ጋር መጨቃጨቅ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደኔው ሰው አያስጨርስም።

ከአጥሩ ማዶ ኦቾሎኒ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

«አቦ አንተ ሽማግሌ፣ ለውድድር ነው የምታሠለጥናት?»

«ታዲያ ምን ላጫውታት?»

«ሚስትህ የዚችን እናት በምን ነበር የምታጫውታት? በውሃ ነዋ። ትቅዳ፣ ታፍስስ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አለችና ኦቾሎኒ የምትሰፍርበትን ትንሽ ጣሳ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። «ለዛሬ ብቻ ነው ታዲያ!»

ፀሐዩ በረድ ሲል ባልዲ ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እግሯ ላይ አፈሰሰች፣ ቀጥላ ጫማዬ ላይ፣ ከዚያ አፈሩ ላይ። አፈሩ ውሃውን ሲጠጣው ጎንበስ ብላ አየችና እንደገና ቀዳች። ደግማ ደጋግማ።

የራሰው አቧራ ሽታ ሲደርሰኝ ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ።

ባቡር ላይ በምሠራበት ዘመን ሚስቴ የባቡሩን ፉጨት ስትሰማ፣ ግቢው እንዲቀዘቅዝልኝ ውሃ ትረጭ ነበር። ልጃችንም ጣሳ ይዛ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላት ነበር አሉ። አሉ የምለው አይቼ ስለማላውቅ ነው። እኔ ስደርስ መሬቱ ርሶ፣ እነሱ እግራቸውን ታጥበው በር ላይ ይቆዩኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እርጥቡን መሬት እየረገጥኩ ገባሁ፤ ሲረጭ ያየሁት ግን ገና ዛሬ ነው። የድሮው ጣቢያ ዛሬ አያፏጭም። ቢያፏጭም የምትሰማው የለችም።

ልጄ ከሥራ ስትመጣ ልጅቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች፤ እኔም ከእሷ አልተሻልኩም። መሬቱን አየች፣ ጣሳውን አየች፣ ጫማዋን አወለቀችና እርጥቡ ላይ ቆመች። ከዚያ፣

«ነገ በጊዜ አመጣታለሁ» አለች።

ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷት በእናቷ ትከሻ ላይ ስትሄድ ጣሳውን እንደታቀፈች ነው። ቀስ ብዬ ላስለቅቃት ሞከርኩ፤ ይበልጥ ጨበጠችው። ሌላ ጣሳ እንዳልተካ፣ የጎረቤቴ ደንበኞች የለመዱት ያንን ስፍር ነው። እሷ ከአጥሩ ማዶ በሻይ ብርጭቆ እየሰፈረች፣

«ጣሳዬስ?» አለችኝ።

«ተኝቷል» አልኳት።