የዓለምጌጥ ግራ እግር

«ሙዘይን፣ ሰው ዝም ሲል ሞኝ ይመስልሃል እንዴ? ለፋሲካ ሠራሁልሽ አልከኝ፣ ከፈልኩህ፣ መርቄህም ሄድኩ። ይኸው ቡሄ ሳይደርስ መሪው እጄ ላይ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል!»

ዓለምጌጥ ናት። ዳላስ አጠገብ ቤድፎርድ ከተማ፣ ሙዘይን ጋራዥ በር ላይ ቆማ የኮሮላዋን ቁልፍ እንደ አለንጋ ታወዛውዛለች። ሥራዋ ኤርፖርት ነው፣ የመኪና ማቆሚያው ኬላ ውስጥ። ቀኑን ሙሉ የፈረንጅ ንዝንዝ ስትችል ስለምትውል ለሐበሻ የሚተርፍ ትዕግሥት የላትም።

«አብሽሪ እህቴ፣ እናየዋለን» አለ ሙዘይን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። የወሎ ልጅ ነው። ጋራዡ ቢቃጠል እንኳን ድምፁን ከፍ አድርጎ እሳት የሚል አይመስልም።

«ምኑን ታየዋለህ? እሁድ ቤተክርስቲያን ለሰው ሁሉ ነው የምናገረው። ሰውዬው የማይረባ ዕቃ እየገጠመ ብር ይበላል ነው የምለው። ጋሽ እንየው ምስክሬ ነው!»

ጋሽ እንየው የታክሲውን ዘይት ሊያስቀይር መጥቶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ስሙ ሲጠራ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ቆይቷል።

እንየው ዳላስ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ፀጉሩ ያለቀ ሰው ነው። በዲቪ የመጣ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ሲያምረው እሱ ጋ ይደውላል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በራሱ ካምሪ፣ ሳንቲም ሳይቀበል ያስተምራል። በዚህ ነገር ስሙ እስከ ዴንተን ከተማ ድረስ ይነሳል። ሌላ የሚነሳበት ነገርም የለው፣ ሀብት የለ፣ ዲግሪ የለ። ያቺ ስም ብቻ ናት ያለችው።

«መቼ መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» አለ ሙዘይን።

«ሁልጊዜ!»

«ሁልጊዜ የሚባል በሽታ የለም። ነይ ግቢ። ጋሽ እንየው፣ አንተም ና፣ ምስክር አይደለህ?»

ሙዘይን እየነዳ ሃይዌይ ወጡ። ፍጥነቱ ስድሳ ማይል ሲገባ እጁን ከመሪው ላይ ትንሽ አነሳ። መሪው ጭጭ። «አየሽ፣ የጎማ ባላንስ ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ነበር የሚያስጨንቅሽ» አላት። ከዛ መውጫው ጋ ፍሬን ነካ አደረገ። መሪው መንዘፍዘፍ ጀመረ፣ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያም አብሮ ዘለለ።

«ሶ፣ የፍሬኑ ዲስክ ነው። ጠሟል። እኔ የገጠምኩልሽ ደግሞ አዲስ ነበር። አዲስ ዲስክ በአራት ወር የሚጠመው ሲጋል ሲውል ነው። ማነው የሚያግለው? እስቲ አንቺ ንጂልኝ።»

ቦታ ተቀያየሩ። ኋላ የተቀመጠው እንየው ማን እንደሚያግለው አሁን ገባው።

ዓለምጌጥ መጀመሪያ መሪ የያዘች ቀን ካምሪውን ይዛ ወደ መብራት ምሰሶ ነበር የሄደችው። ያኔ እንየው ያየው እሷን አይደለም፣ ምሰሶውንም አይደለም፣ የካምሪውን ኮፈን ነው። «ግራ እግርሽ ፍሬኑ ላይ ትቀመጥ። ሁልጊዜ! እንዳታነሺያት!» አላት። እሱ ራሱ በአንድ እግሩ ነው የሚነዳው። ፈተናውን ስታልፍ ቤቷ ጠርታ ጋበዘችው፤ ያን ቀን «በይ እንግዲህ ያቺን እግር አውርጃት» ሊላት ነበር። ግን በላ፣ ጠጣ፣ ተመረቀ፣ ሄደ። ካምሪው ጭረት ስላልነካው ከእሷ በኋላ የመጡትንም እንደዚሁ አስተማራቸው።

ዓለምጌጥ እየነዳች ነው። ኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀባት።

«የዚህ አገር ሰው ትዕግሥት የለውም፣ ሁሌ እንዲህ ነው የሚያደርጉኝ» አለች።

«የፍሬን መብራትሽ በርቶ ስለማይጠፋ ነዋ» አለ ሙዘይን ወደታች እያየ። «እህቴ፣ ይቺ ግራ እግር እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ጥንቃቄ ነዋ።»

«ረግጠሽው እኮ ነው የምትሄጂው። የፍሬን ሸራው ዲስኩን ሲፈትገው ይውላል። በአንድ እግርሽ ሂድ፣ በአንዱ ቁም እያልሽው ምን ያድርግ? ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

ዓለምጌጥ በመስተዋቱ እንየውን አየችው። እንየው መስኮቱን ያያል። ውጪ የሚታይ ነገር የለም፣ የጎማ መሸጫ ብቻ።

«ማንም» አለች። «ራሴ ነው የለመድኩት።»

ምነው በሰደበችኝ አለ እንየው በልቡ።

ጋራዡ ሲደርሱ ያቺ አንበሳ ድመት ሆናለች። «ይቅርታ ሙዘይን፣ በከንቱ ነው አፌን የከፈትኩብህ። ስንት ነው?» ብላ ቦርሳዋን ትበረብራለች። እንየው ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ጋ ያልቃል፤ እሱም በስሙ፣ ታክሲውም በአዲስ ዘይቱ ወደ ቤት። እስከ በሩ ሄደ። ተመለሰ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«እግሩ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ለእሷ አስቤ እንዳይመስላችሁ፣ ለካምሪዬ ፈርቼ ነው።»

ሙዘይን ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ያብስራንስ? ጫላንስ? እነሱም የአንተ ተማሪዎች ናቸው፣ በዚህ ወር መኪናቸውን በዚሁ በሽታ ነው ያመጡት።»

«እነሱንም።»

«ያረቢ! እኔ ደግሞ ጋሹ የሚባለውን ዕቃ ሻጭ፣ የውሸት ዲስክ ነው የሰጠኸኝ ብዬ ተጣልቼው፣ ልጁን ሊድር እንኳን ሳይጠራኝ ቀረ!»

እንየው ይሄኛውንም አልጠበቀም። ፓርኪንግ ውስጥ ያስቀመጣት እግር ሰርግ ቤት ደርሳለች።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አላት ዓለምጌጥን ቀስ ብሎ።

«በነፃ ነው ያስተማርከኝ ጋሼ። እንዴት ብዬ በሰው ፊት?»

ይቺ ከሁሉም ባሰች። እንየው የባንክ ካርዱን አውጥቶ የሙዘይን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ዓለምጌጥ በመሐላ፣ በአምላክ፣ በማርያም ከለከለችው፣ አልሰማም። «ጋሹንም እኔ እደውልለታለሁ» አለ። ሙዘይን የዲስኩን፣ የሸራውን ሒሳብ ከካርዱ ቆረጠ፤ የእጁን ዋጋ ተወ። ማሽኑ ጢጥ አለ፣ ደረሰኙ ወጣ።

«ያብስራና ጫላ ሐሙስ ነው ቀጠሯቸው» አለ ሙዘይን ደረሰኙን እየሰጠው፣ እንደ ቀላል ነገር።

እንየው ካርዱን ወደ ኪሱ ሊከት ነበር። ተወውና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።